ሐምዳይት፦ የሰቲት ዳር አገር ለከብት ነጋዴ ምን ይነግረዋል?

በዚህ መስመር ከብት፣ ግመል ወይም በግ የሚያመላልስ ሰው ስለ ሐምዳይት መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «በሩ ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚህ አገር ገንዘብ የሚያተርፈውም የሚያጠፋውም በሩ ብቻ አይደለም። ወንዙ፣ ጥቁሩ አፈር፣ የክረምቱ ዝንብና የከብት መንገዱ ከበሩ በፊት የነበሩ ናቸው፤ ዛሬም የራሳቸውን ዋጋ ያስከፍላሉ። አገሩን በታሪኩና በመልክዓ ምድሩ የሚያውቅ ነጋዴ የትኛው ችግር በየዓመቱ ቀኑን ጠብቆ እንደሚመጣ፣ የትኛው ደግሞ ሳይታሰብ እንደሚደርስ ይለያል።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሐምዳይት የት ናት?

ሐምዳይት ተከዜ ወደ ሱዳን በሚገባበት ስፍራ፣ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ሱዳን በሚገናኙበት ማዕዘን አጠገብ ያለች የሱዳን መንደር ናት። በኢትዮጵያ በኩል ቅርቧ ሑመራ ናት። ከሑመራ ፊት ለፊት፣ ከወንዙ በስተሰሜን ደግሞ የኤርትራዋ ኡምሐጀር አለች። ሑመራ በ600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቆላ ስትሆን ከዝናብ በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል።

ነጋዴው ሐምዳይትን ከገዳሪፍ ጋር አድርጎ ይቆጥራታል። ከብቱ በሸዋክ በኩል ወደ ገዳሪፍ ስለሚወርድ፣ ደላላውና ገንዘቡም እዚያ ስላለ ነው። በአስተዳደር ግን ሐምዳይት በካሰላ ግዛት፣ በወድ አል ሂለው ሥር ናት። ስለዚህ ከሐምዳይት ተነሥቶ ገዳሪፍ ገበያ የሚገባ ከብት የአገር ድንበር ብቻ ሳይሆን በሱዳን ውስጥም ከአንድ ግዛት ወደ ሌላ ግዛት ይሻገራል። ወረቀቱ በመንገድ ላይ የሚጠየቀው ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይበጀዋል።

አንድ ወንዝ፣ ሁለት ስም

በዚህ አገር ግራ ከሚያጋቡት ነገሮች አንዱ የወንዞቹ ስም ነው። ኢትዮጵያዊው ተከዜ የሚለውን ሱዳናዊውና ኤርትራዊው ሰቲት ይለዋል። በመተማ በኩል ጓንግ የሚባለው ወንዝ ሱዳን ሲገባ አትባራ ነው። አንገረብ ደግሞ ከታች ባሕር አስሰላም ተብሎ ከአትባራ ይቀላቀላል። ሰቲትም ከሸዋክ በላይ ከአትባራ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ በኋላ ስሙ አትባራ ብቻ ሆኖ ወደ ዓባይ ይወርዳል።

ሁሉም ውኃቸውን የሚያገኙት ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። ተከዜ የሰሜን ተራሮችን ውኃ ይሰበስባል፤ ከእነዚህ መካከል ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ምክንያት ሐምዳይት ላይ ገና ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በሰኔ 1861 በደረቀ የአትባራ አሸዋ ዳር ሰፍሮ ሳለ ጎርፉ ሌሊት እንደ ሩቅ ነጎድጓድ እየጮኸ መጥቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ደረቁን አልጋ ወንዝ አድርጎታል። በአሸዋው ላይ ከብት ለሚያሳድር ነጂ ይህ የቆየ ማስጠንቀቂያ ዛሬም ይሠራል።

ከወንዞቹ ግራና ቀኝ ያለው መሬት ሱዳኖች ከረብ የሚሉት ነው። ጎርፍ የቦረቦረው፣ በሸለቆና በገደል የተቆራረጠ አፈር ነው። መንጋ ወደ ውኃው የሚወርደው በየትም አይደለም፤ በታወቁ መውረጃዎች ብቻ ነው። መውረጃውን የያዘ መንገዱን ያዘ፤ የጥንት ቀረጥ ሰብሳቢም፣ ሽፍታም፣ የዛሬ ኬላም የሚቆመው እዚያው ነው።

ወንዙ ራሱም ባለፉት ዓመታት ተለውጧል። በኢትዮጵያ በኩል የተከዜ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ጀመረ። 188 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ግድብ ውኃውን ይዞ ዓመቱን ሙሉ ስለሚለቅ የበጋው ፍሰት ከቀድሞው ይበልጥ የተስተካከለ ሆኗል። በሱዳን በኩል ደግሞ ሩሜላ በአትባራ ላይ፣ ቡርዳና በሰቲት ላይ ተሠርተው በ2017 ተመረቁ። ሁለቱ በአንድነት 320 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጩ የታቀዱ ናቸው። ሐይቁ ሲሞላ የወንዝ ዳር መንደሮች ወደ አዲስ ሰፈራ ተዛወሩ፤ አባቶች መንጋ ያጠጡባቸው የነበሩ አንዳንድ ዳርቻዎችም ውኃ ውስጥ ገቡ። «አባቴ በዚህ ይሻገር ነበር» የሚለው ምክር ዛሬ ከመታመኑ በፊት መጣራት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጥቁሩ አፈርና የክረምቱ ዝንብ

ከገዳሪፍ እስከ ሑመራ የተዘረጋው ሜዳ በአብዛኛው ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ይጣበቃል። ዝናቡ ወደ ደቡብ በሄዱ መጠን ይጨምራል። በካሰላ አካባቢ በዓመት 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን በገዳሪፍ ከ600 ይበልጣል፤ ወደ ገላባት ደግሞ ከዚያም ይከብዳል። ሱዳኖች ኸሪፍ የሚሉት ወቅት ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ነው። በእነዚህ ወራት የጭነት መኪና በዋልካው ላይ ይቀራል፤ ከብትም እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል።

ከጭቃው የባሰው ግን ዝንቡ ነው። ቤከር ሰሩት እያለ የጠራው ትልቅ ነካሽ ዝንብ ክረምት ሲገባ የግመልን ቆዳ ደም በደም ያደርገዋል። ይህ የዝንብ ዓይነት በግመል ላይ ሱራ የሚባለውን የደም በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል። ግመሉ ወዲያው ባይሞት ይከሳል፣ ይጨነግፋል፣ ገበያ ላይ ዋጋ ያጣል።

ዘላኖቹ የዓመት ጉዟቸውን ያወጡት ይህን አይተው ነው። ዝናብ ሲጀምር መንጋውን ይዘው ወደ ሰሜን፣ አሸዋማና ደረቅ ወደሆነው ቡጣና ይወጣሉ። ዝናቡ አብቅቶ የሰሜኑ ውኃ ሲደርቅ ወደ አትባራና ሰቲት ይመለሳሉ። ቤከር ከ160 ዓመት በፊት ያየው ጉዞ በመሠረቱ ዛሬም ያው ነው። ለገበያው ያለው ትርጉም ግልጽ ነው፤ በክረምት ግመል የሚፈልግ ወደ ቡጣናና ወደ ታምቡል ገበያ ይሄዳል። በበጋ ደግሞ መንጋው ራሱ ወደ ወንዙ፣ ወደ ሐምዳይት አቅጣጫ ይመጣል።

የአገሩ ሰዎችና ከብቶቻቸው

በ19ኛው መቶ ዓመት በሰቲት ዳር ስማቸው የገነነ ሐምራን የሚባሉት አረቦች ነበሩ። ዝሆንን በፈረስ አሳደው በሰይፍ የሚጥሉ አዳኞች ነበሩ። በቡጣና የሹክርያ ግመል አርቢዎች ነበሩ፤ መሪዎቻቸው የአቡ ሲን ቤተሰብ ናቸው። ገዳሪፍ ራሷ ለረጅም ጊዜ «ሱቅ አቡ ሲን»፣ ማለት የአቡ ሲን ገበያ ትባል ነበር። ከተማዋ ከመነሻዋ ገበያ ነበረች ማለት ነው። በስተሰሜን ምሥራቅ ቤኒ ዓምሮች አሉ። ራሻይዳዎች ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከሒጃዝ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመጡ ናቸው። በገላባት በኩል ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ወጥተው የቀሩ ተክሩሮች ገበያ አቁመው ለሁለቱም ወገን፣ ለኢትዮጵያም ለግብፅም ግብር እየከፈሉ ይኖሩ ነበር። ድንበር ላይ የሚኖር ነጋዴ ለሁለት ጌታ መክፈሉ እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም።

ከብቱም እንደ ሰዎቹ አገሩን ይመስላል። በሑመራ ቆላና በኤርትራ ባርካ የበጋይት ከብት አለ፤ ትልቅ ገላና ጥሩ ወተት ያለው፣ ሙቀቱን የለመደ ነው። በሱዳን በኩል ቀዩ የቡጣና ከብትና ነጭ ግራጫው ኬናና በወተታቸው ይታወቃሉ። ከጣና ዳር የሚመጣው የፎገራ ከብት እንዲሁም ከደጋ የሚወርደው ሰንጋ ግን ለቆላው እንግዳ ናቸው። መዥገሩን፣ ዝንቡንና ሙቀቱን ስላልለመዱ ቆላ ላይ በቆዩ ቁጥር ይጎዳሉ። በጋይት ሳምንት ቢጠብቅ ብዙ የማይጎድልበት ቦታ ላይ የደጋ በሬ ሥጋውን ይጥላል። በሩ በተዘጋ ጊዜ ይህ ልዩነት በቀጥታ ወደ ገንዘብ ይለወጣል።

መሸሸጊያም፣ የዘረፋ መንገድም

በ1822 የሸንዲው መክ ኒምር የግብፁን ገዥ የመሐመድ ዓሊን ልጅ እስማኤልን አቃጥሎ ከገደለ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ ሸሸ። እሱና ልጁ በወልቃይት ቆላና በአትባራ ገባሮች አካባቢ ተቀምጠው በሱዳን በኩል ያለውን የግብፅ ግዛት ይወጉና ከብት ይነዱ ነበር። ከዚያኛው ወገንም አጸፋው እንዲሁ ነበር። ቤከር በ1862 ልጁን በሰፈሩ አግኝቶታል።

ከዚህ ዘመን የወረሰው አንድ ልማድ ዛሬም በገበያው አለ፤ ከብቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ። በሱዳን በኩል እያንዳንዱ ጎሣ ወስም የሚለው የራሱ የመተኮሻ ምልክት አለው። በገበያም ዳሚን የሚባል ዋስ ሻጩ ትክክለኛ ባለቤት መሆኑን ይመሰክራል። የተሰረቀ ከብት ቢገኝ ተጠያቂው ዳሚኑ ነው። ያለ ዳሚን በርካሽ የተገዛ ከብት ርካሽ የሆነው ለምን እንደሆነ ገዢው ራሱን መጠየቅ አለበት።

ሁለቱም ወገን ከብት ያጣበት ዘመን

በማርች 1889 አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ጦርነቱ በሁለቱም በኩል ጠረፉን ባዶ አደረገው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከጦርነቱ የከፋ መጣ። የከብት ደስታ የሚባለው በሽታ ከ1887 ጀምሮ ወደ ምጽዋ በገቡ ከብቶች ተነሥቶ ኢትዮጵያን ወረረ። ከአሥር ከብት እስከ ዘጠኝ እንዳለቀ ይገመታል። የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት። ኢትዮጵያውያን ከ1888 እስከ 1892 ያለውን ዘመን ክፉ ቀን ብለው ያስታውሱታል። ሱዳኖችም የ1306 ሂጅራን ረሃብ «ሰነት ሲታ»፣ የስድስት ዓመት ብለው ይጠሩታል። ስሙ ይለያይ እንጂ ዘመኑ አንድ ነው።

ደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው። የቀሩት ግን አሉ፤ አፍተ እግር፣ የከብት ሳንባ በሽታ፣ የበግና የፍየል ወረርሽኝ። ከሱዳን የሚወጣ በግና ከብት በአብዛኛው በሱዋኪንና በፖርት ሱዳን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ስለሚጫን አንድ በሽታ በታወቀ ጊዜ ወደቡ ይዘጋል። በ2007 እና በ2019 በሱዳን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በታየ ጊዜ የውጭ ገበያው ተመትቷል። ወደቡ ሲዘጋ ገዳሪፍ ላይ ዋጋ ይወርዳል፤ ገዳሪፍ ሲወርድ ሐምዳይት ይከተላል። ኳራንቲንና የክትባት ወረቀት የሚያስቆጡ ቢሆኑም የተወለዱት ከዚህ ታሪክ ነው።

መስመሩ መቼ ተሰመረ?

ጣልያን ካሰላን ከ1894 እስከ 1897 ይዞ ነበር። በሴፕቴምበር 1898 ከካሰላ የተነሣ የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ገዳሪፍን ከመሐዲስቶች ወሰደ። ከዚያ በኋላ በሜይ 15 ቀን 1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዙ ወኪል ሃሪንግተን መካከል የድንበር ውል ተፈረመ። መስመሩ ከሰሜን የሚጀምረው ከኡምሐጀር ነው፤ ማለትም ከሐምዳይት ጎረቤት። በ1903 እንግሊዛዊው መኮንን ግዊን ምልክቶቹን አቆመ። ኢትዮጵያዊ ተወካይ ሳይኖር መከናወኑ እስከ ዛሬ ክርክር አለበት።

በ1972 ሁለቱ መንግሥታት በደብዳቤ ልውውጥ መስመሩን መሠረት ለማድረግ ተስማሙ። መሬት ላይ ግን ከሰቲት በስተደቡብ፣ በአትባራና በሰቲት መካከል ያለው አልፋሽቃ ጉዳዩ ሳይቋጭ ቆየ። የኢትዮጵያ ገበሬዎች እያረሱት፣ ሱዳን የኔ ነው እያለች ዓመታት አለፉ። በ2020 መጨረሻ የሱዳን ጦር ወደ ቦታው ገባ። በተመሳሳይ ሑመራና ወልቃይት በአማራና በትግራይ መካከል የይገባኛል ጥያቄ የሚነሣባቸው ናቸው። ነጋዴው በክርክሩ ዳኛ መሆን አይጠበቅበትም። ከብቱን የሚያልፍበት መሬት ግን በየትኛው ዘመን በማን እጅ እንዳለ ማወቅ አለበት፤ ቀረጡም፣ ደረሰኙም፣ የይለፍ ወረቀቱም የሚለወጠው በዚያ ነው።

ባቡር፣ ማሽላና ሰሊጥ

የባቡር ሐዲድ በ1928 ገዳሪፍ ደረሰ፤ በዓመቱ ወደ ሰናር ቀጠለ። ገዳሪፍ በዚህ ከፖርት ሱዳን ጋር ተያያዘች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጦሩ እህል ለማቅረብ በ1944 እና በ1945 በገዳሪፍ አካባቢ በትራክተር ማሽላ ማረስ ተጀመረ። በ1968 ሱዳን የመካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ካቋቋመች በኋላ እርሻው ይበልጥ ተስፋፋ። በሑመራም በ1960ዎቹ ሰፋፊ የሰሊጥና የማሽላ እርሻዎች ተከፍተው ከደጋ የቀን ሠራተኛ ይወርድ ጀመር። በ1975 የገጠር መሬት በኢትዮጵያ የመንግሥት ሲሆን ትላልቆቹ የግል እርሻዎች ቢያከትሙም የሑመራ ሰሊጥ ስሙን ይዞ ቀርቷል።

እርሻው ለከብት ነጋዴ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ጥሩ ነው፤ ከአጨዳ በኋላ የማሽላው ገለባ መንጋ ያደልባል፣ የሰሊጥ ፋጉሎም መኖ ይሆናል። ሁለተኛው ክፉ ነው፤ ዘላኖች ወደ ቡጣናና ከቡጣና የሚነዱበት የከብት መንገድ በእርሻ ታጠረ። በኸሽም አልጊርባ ግድብ በ1964 ሲጠናቀቅም ከዓባይ ዳር በአስዋን ሐይቅ የተፈናቀሉ የወዲ ሐልፋ ሰዎች በመስኖው ሰፈሩ፤ የቀድሞ የሹክርያ ግጦሽ የጥጥና የስንዴ ማሳ ሆነ። መንጋ ማሳ ውስጥ ከገባ ቅጣት አለ፤ አንዳንዴም ጠብ ይነሣል። ከሐምዳይት ወደ ገዳሪፍ በእግር የሚነዳ ከብት ከአጨዳ በፊትና በኋላ አንድ ዓይነት ጉዞ የማይሆነው ለዚህ ነው።

የተከፈቱና የተዘጉ በሮች

ሐምዳይትና አካባቢዋ ከሁሉም ይልቅ በስደት ታሪክ ይታወቃሉ። ኤርትራውያን ስደተኞች ከ1967 ጀምሮ ወደ ካሰላ ገቡ። በ1984 እና በ1985 ረሃብ ጊዜ ከትግራይና ከጎንደር የወረዱ ብዙ ሺህ ሰዎች በወድ ኮውሊና በኡም ራኩባ ሰፈሩ። ከ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ የሑመራና የኡምሐጀር መሻገሪያ ለ20 ዓመት ያህል ተዘጋ። በጃንዋሪ 2019 በሥነ ሥርዓት ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት በአፕሪል እንደገና ተዘጋ።

በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ሰው በጀልባና በእግር ሰቲትን ተሻግሮ ሐምዳይት ገባ። በዓመቱ መጨረሻ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሻገሩት ከ50,000 በላይ ሆኑ። የመንደሯ ነዋሪዎች ያላቸውን እህልና ውኃ ተካፈሉ፤ ኋላም ብዙዎቹ ወደ ኡም ራኩባና ቱናይድባ ተወሰዱ። በአፕሪል 2023 ደግሞ ጦርነቱ በሱዳን ተነሣ፤ ስደቱ አቅጣጫውን ቀይሮ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ገዳሪፍ ከካርቱም፣ ከጀዚራና ከሰናር የሸሹ ሰዎችን ተቀበለች። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የጎንደር መተማን መንገድም አስቸጋሪ አደረገው።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ ላየ ሰው ትምህርቱ ግልጽ ነው። በዚህ ጠረፍ በር የሚዘጋው በአብዛኛው ከበሩ በራቀ ምክንያት ነው፤ በአዲስ አበባ፣ በአስመራ፣ በካርቱም ወይም በጅዳ በተወሰነ ነገር። ሐምዳይት ላይ የቆመ ነጋዴ ሊያስቀረው አይችልም።

ሁለት የቀን መቁጠሪያ

ስለዚህ የሰቲት ዳር ነጋዴ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ይዞ ይሠራል።

አንደኛው የመሬቱ ነው። ጎርፉ፣ ዋልካው፣ ዝንቡ፣ አጨዳው፣ የመንጋው ወደ ቡጣና መውጣትና መመለስ በየዓመቱ በጊዜያቸው ይመጣሉ። በዚህ የሚከስር ሰው ባለማወቅ ነው የሚከስረው። ርክክቡ ከሰኔ በፊት እንዲያልቅ መዋዋል፣ መውረጃውን በዓመቱ ከተሻገረበት ሰው ማጣራት፣ ግመልን በክረምት ዋልካ ላይ አለማቆየት በእጁ ያሉ ነገሮች ናቸው።

ሁለተኛው የበሩ ነው፤ ይህኛው ቀን የለውም። መከላከያው ትንበያ ሳይሆን ዝግጅት ነው። በሩ ቢዘጋ ለስንት ቀን መኖና ውኃ አለ? ከብቱ ቆላ ላይ መጠበቅ የሚችል በጋይት ነው ወይስ በየቀኑ የሚከሳ የደጋ በሬ? የካሰላም የገዳሪፍም ወረቀት ተሟልቷል? በመተማና ገላባት በኩል ለመዞር የሚያስችል ገንዘብና ደላላ አለ? ዳሚኑ የሚታወቅ ሰው ነው? ከብቱ ከሑመራ ከመነሣቱ በፊት ለእነዚህ መልስ ያለው ነጋዴ በሩ በተዘጋ ማግሥት በደረሰበት ዋጋ ለመሸጥ አይገደድም።

ሐምራኖችና ሹክርያዎች ቀን ሳይቆጥሩ የክረምቱን ዝንብ ቀድመው ወደ ሰሜን ይወጡ ነበር። የዛሬው ነጋዴ ከእነርሱ የሚወስደው ይህንኑ ነው፤ የሚታወቀውን ቀድሞ መውጣት፣ ለማይታወቀው ደግሞ ስንቅ መያዝ።